ልቀቀኝ ያለው ጤፍ

ተረት ተረት! "የመሠረት" ካላችሁልኝ፣ የጠያቂዋን ዶሮ ነገር ልንገራችሁ።

አውድማ ላይ ጤፍ ጭድን፣ "ልቀቀኝ እንግዲህ፤ ሥራህ አልቋል" ብሎት ጆንያ ውስጥ ገባ። ጭድ ሜዳ ላይ ቀረ። ዶሮ ይህን አይታ ነገሩን ታወጣ ታወርድ ጀመር።

ለጎተራ መምረጊያ የተቦካውን ጭቃ፣ "ምን ያስተክዝሃል?" አለችው።

"በደረቅሁ ቁጥር እሰነጠቃለሁ፤ የሚይዘኝ የለም።"

ከምድጃ ተጠርጎ ውጭ የተደፋውን አመድም፣ "አንተስ ምን ትችላለህ?" አለችው።

"ምስጥ ይሸሸኛል፤ ሌላ ሙያ የለኝም።"

"እስቲ አንድ ላይ ብትሆኑስ?" አለችና ጭዱንም አመዱንም እየጫረች ጭቃው ውስጥ ከተተቻቸው። ጎተራው በዚያው ጭቃ ተመረገ፤ ጤፍም ተሞላበት።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ወረደ፤ ጎተራው ግን አልተሰነጠቀም። ምስጥ ሊቀምሰው መጥቶ እየተፋ ተመለሰ። ዶሮም የፈሰሰ ጤፍ ልትለቅም ዙሪያውን ብትዞር አንዲት ፍሬ እንኳ አጣች።

ውስጥ ያለው ጤፍ ገረመውና፣ "ማነህ አንተ፣ እንዲህ አጥብቀህ የያዝከኝ?" አለ።

"ያው እኔው ነኝ" አለ ጭድ ከግድግዳው ውስጥ። "አሁንስ ልልቀቅህ?"

ተረቴን መረግሁት፤ ስንጥቅ ካገኛችሁበት መልሱልኝ።