በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መሀል

«አንድ ሰው ነበረ፤ ጓሮው ሙሉ ቡና» አሉ ሼህ ሙህዬ፣ ጦይባ ገና እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ።

ጦይባ የመጣችው ጥያቄ ይዛ ነው። ልጇን ሉባባን ያገባት ሰው ይመታታል። ሽማግሌ በገባ ቁጥር ይታረቃሉ፤ ከእርቁ ማግስት እንደገና ይመታታል። ባለፈው ሰሞን ፊቷን በሻሽ ሸፍና መጥታ «እናቴ፣ ውሰጂኝ» ብላታለች። የባሏ ዘመዶች ደግሞ «ገመናችንን ሜዳ ላይ እንዳታሰጪው» ይሏታል። ጦይባም ጨነቃትና «ሼህዬ፣ የሰው ነውር መሸፈን አላህ ዘንድ የሚከፈል አጅር የለውም ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሼሁ ስለዚህ ቤት ቀድሞም ሰምተው ነበርና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«ሰውየው በአገሩ የተከበረ ነው። የቡናው ቅጠል ቅቤ የተቀባ ይመስል ያበራል። ደቦ ሲወጣ መሪው እሱ፣ ሌላውን ‹ጓሮህን አልጠበቅህም› ብሎ የሚገሥጸውም እሱ። አንድ ዓመት ዝናቡ ሲያባራ አንዳንዱ ቅጠል ላይ እሳት የላሰው የሚመስል ቁስል ወጣ። ትል ፈለገ፤ ከላይ የለ፣ ከሥር የለ። አመድ ነሰነሰበት። የከብት ሽንት በጥብጦ ረጨበት። ቁስሉ ጭራሽ ሰፋ።

ሚስቱ አንዱን ቅጠል ቀነጠሰችና ቆዳውን በጥፍሯ ገለጠችው። ከስንዴ ፍሬ ያነሰች ነጣ ያለች ትል ውስጡ ተኝታለች። ቅጠል ስስ ነው ብለሽ አትናቂው፣ ጦይባ። ላይኛ ቆዳ አለው፣ ታችኛ ቆዳ አለው፣ በመሀል ሥጋ አለው። ትሏ ሥጋውን ነው የምትበላው፤ ቆዳውማ ጣራዋ ነው። ያ ሁሉ አመድ የወረደው ጣራዋ ላይ ነው።

ሚስቱም ‹ጎረቤት ጥራ፤ ደንቡ አይደለም እንዴ?› አለችው። በዚያ አገር ቡና ሲታመም ባለቤቱ ወጥቶ ይጮኻል፤ ሁሉም መጥቶ የታመመውን ቅጠል ይለቅማል፣ ሰው እያየም ይቃጠላል። እሱ ግን ተቆጣት። ‹እኔ? ስንቱን የገሠጽኩት ሰውዬ፣ ጓሮው ተላ ልባል?› አላት። አየሽ፣ ሰው ስሙን ይወዳል! ከቡናውም ከልጁም አስበልጦ ይወዳል።

ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይነቃ፣ የረገፈውን ቅጠል እየጠረገ እዚያው ቡናው ግርጌ ሣር ያለብሰው ጀመር። ከመንገድ ለሚያየው ጓሮው የጸዳ ነው። አላፊ አግዳሚው ያመሰግነዋል።

ታዲያ ትሏ በልታ ስትጠግብ ቆዳውን በስታ ትወጣለች። በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ትወርድና ከረገፈው ቅጠል ሥር ተለጥፋ ነጭ ድር ትለብሳለች፤ ክንፍ የምታወጣው እዚያ ነው። ሰውየው ሣር ያለበሰው እሷን ነበር፤ የሞቀ አልጋ አነጠፈላት። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከየቡናው ግርጌ ተነሣች። ትንሽዬ ናት፣ እንደ ብር የነጣች፣ ክንፏ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት፣ ዳሩ ዘርፍ የወጣለት። እንዴት እንደምታምር! ልጆቹ ሊይዟት እየሳቁ ሮጡ። እሷ ራሷ ቅጠል አትቀምስም፤ እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ትጥልና ትሞታለች፤ የሚበላው የተፈለፈለው ነው።

ቡናው ራቁቱን ቀረ። ፍሬው ሳይበስል ጠቁሮ ደረቀ። ሰውየው ያን ጊዜ ወጥቶ ጮኸ። ጎረቤቶቹ መጡና አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ለካ እያንዳንዳቸው ከሣር ሥር የደበቁት ነበራቸው። አገር ሙሉ አፍሮ፣ አገር ሙሉ ቡናውን አጣ።»

ሼሁ ወደ ጦይባ ዞሩ።

«ቅጠሉ ልጅሽ ናት፣ ጦይባ። ከላይ ለሚያያት ባለትዳር ናት፣ ጎጆዋ የቆመ ነው፤ ውስጧ ግን እየተበላ ነው። ሽማግሌዎቹ አመድ ነሰነሱ፤ አስታርቀው፣ በልተው ጠጥተው ሄዱ። የባሏ ዘመዶች ሣር እያለበሱላት ነው። ነውር መሸፈን አጅር አለው፤ እሱ ግን ወድቆ ለተጸጸተ ሰው ነው። የሚመታን እጅ ከሸፈንሽ ጣራ ሠራሽለት እንጂ አጅር አላገኘሽም። በዚያ ቤት የሚያድጉ ልጆችም ነገ ክንፍ አውጥተው ሌላ ቤት ይገባሉ፣ ያዩትንም ያደርጋሉ።»

«ሰው ምን ይላል፣ ሼህዬ?»

«ሰውማ ይላል። ብትሞትብሽም ይላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ‹እንዲህ መሆኑን ማን አወቀ?› ይላል፣ ሁሉም እያወቀ!» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። «ተነሺ። በጓሮ በር እንዳትሄጂ፣ እስኪመሽም እንዳትጠብቂ። ዛሬ ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ከባሏ ቤት እጇን ይዘሽ፣ የተመታ ፊቷን ሳትሸፍኚ፣ በመሀል ገበያው ወደ ቤትሽ አምጫት።»