ከወንበራቸው የማይነሱት ሹም

በአንድ የከተማ መዝናኛ ቦታ ሰውን ዘቅዝቆ የሚያሽከረክር የመጫወቻ ማሽን ነበር። አንድ እሑድ አቶ ደምመላሽ የተባሉ ትልቅ ሹም አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡና ፊተኛው ወንበር ላይ ጉብ አሉ። የማሽኑ ሠራተኛ ቀበቶ ልታስራቸው ብትጠጋ፣ «ሱፌን አታጨማድጂብኝ! ዝም ብለሽ አስነሺው!» ብለው ጮኹባት።

«ቀበቶ ካላሰሩ ይውረዱልኝ ጌታዬ» አለች፣ ከሥራ መባረሩ እያስፈራት።

ሹሙ ዓይናቸው ደም ለበሰ። «እኔን ከወንበሬ የሚያነሳ ገና አልተወለደም!» አሉ፣ ተሰላፊው ሁሉ እስኪሰማ።

እሷም እጅ ነስታ፣ «እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ የተወለደስ አያነሳዎትም። ይህ ማሽን ግን ከፋብሪካ ነው የመጣው፤ ገና በመጀመሪያው ዙር ያነሳዎታል» አለቻቸው።

ተሰላፊው በሳቅ ሲፈነዳ፣ ሹሙ ቀበቶውን በገዛ እጃቸው ጥብቅ አድርገው አሰሩ።