የሚመጣው ቅዳሜ ዋስ

አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ዛሬ የማነሣት አንተ ባለሱቁ፣ «ዝናቡ ደግ፣ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ዋጋ ለምን ይወጣል?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው።

ሴትዮዋ አህያ አልነበራትም። ማሰሮ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ስትመላለስ ወገቧ እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ ሰማይን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በልጅነቷ ነው ይባላል። አህያ ልትገዛ ትቆጥባለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትደርስ ግን አህያው ቆሞ ዋጋው ሮጦ ይጠብቃታል።

በዚያ ገበያ ስለ ዛሬ የሚያስብ አልነበረም። ነጋዴው ሁሉ ያለፈው ቅዳሜ ስንት ጨመረ፣ የሚመጣውስ ስንት ይጨምራል ብሎ፣ ሁለቱን ደምሮ ዋጋ ይጠራል። አንድ እንቁላል የሸጠ ሰው ብሩን በበቅሎ ጭኖ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በቅሎዋም አልብቷት ነበር።

አንድ ቀን አህያ ሻጩን ለምን እንደጨመረ ጠየቀችው።

«ማሰሮሽ ይጨምራል ብዬ ነዋ፣ እቴ። ባለፈው ጨምረሽ የለም?»

«እኔ የጨመርሁትኮ አህያህ ይጨምራል ብዬ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። አህያውም ሁለቱን አያቸው።

በአገሩ ልማድ ዋስ የሚጠራው ለሰው ነው። እሷ ግን ለዋጋ ጠራች። የመንደሩን ሹም፣ ጭቃ ሹሙን፣ በገበያው መካከል ዋስ አቁማ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ዋጋዬ የዛሬው ነው፤ ሳንቲም ብጨምር ማሰሮዎቼን በዱላ ሰባብሯቸው አለች።

በቅዳሜው አገሩ ሁሉ ዱላ ይዞ መጣ፤ አራስ እንኳ አልቀረችም። አልጨመረችም። ሕዝቡም አዝኖ ተመለሰ። አህያ ሻጩ ያን ቀን በልማዱ ጨመረ፤ ግን ትንሽ። በሁለተኛው ቅዳሜ ዱላ የያዘው ግማሹ ነበር። በሦስተኛው የጨውና የቅቤ ነጋዴዎችም ዋስ ጠሩ። በአምስተኛው አህያው ቆሞ፣ ዋጋውም አጠገቡ ቆሞ አገኘችው። አህያውን ገዝታ ማሰሮዋን ጭናበት፣ ቀና ብላ ሰማይ እያየች ሄደች።

እንግዲህ ልጄ፣ የትናንት ትዝታና የነገ ሥጋት ተጋብተው የዛሬን ዋጋ ይወልዳሉ፤ ጎተራው ለሠርጉ አይጠራም። ሥጋቱን የታመነ ቃል ያባርረዋል፤ ትዝታው ግን በአንድ ቅዳሜ አይለቅም። አንተስ ጠዋት ሳሙናው ላይ የጨመርኸው ነገ የዘይት ዋጋ ይወጣል ብለህ አይደለም? በል፣ ሳሙናዬን በትናንቱ ዋጋ ስጠኝ፤ ለሚመጣው ቅዳሜም ዋስ ጥራ። ዱላዬን ይዤ እመጣለሁ።