የትርንጎ ውሃ

በሸምበቆ ውሃ መንደር ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ሐዘን ሲቀመጥ፣ የሐዘንተኛውን ጓሮ ውሃ የሚያጠጣው ዘመድ ወይም ወዳጅ ሳይሆን ከዚያ ቤት ጋር የተቀያየመ ሰው ነው። ሽንኩርቱን ኮትኩቶ፣ ጎመኑን አርሞ፣ ቦዩን ከፍቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ቤት አይዘልቅም። ይህ ልማድ «የትርንጎ ውሃ» ይባላል።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ዝናብ በጠፋበት አንድ ዘመን ወንዙ ቀጥኖ ስለነበር መንደርተኛው ጓሮውን የሚያጠጣው በተራ ነበር። ደርሰህ የሚባል የልጆች አባትና አንለይ የሚባል ጎረቤቱ ከአንድ ቦይ ያጠጡ ነበርና፣ አንድ ቀን «ተራው የኔ ነው»፣ «የለም የኔ ነው» ሲባባሉ አንለይ በዶማው እጀታ ቢመታው ደርሰህ ድንጋይ ላይ ወድቆ እዚያው ሞተ። አንለይም ወደ በረሃ ጠፋ። የሟቹ ወንድም ዋሴ ደሙን ሊመልስ ጦሩን ይዞ ተከተለው፤ የሟቹ ሚስት አስካለች ማቅ ለብሳ ከቤት ዋለች። ጊዜው ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የጀመረበት ነበር፤ ከደረቀ ልጆቿ የሚቀምሱት አልነበራቸውም፤ ይሁን እንጂ ከለቅሶው ብዛት ጓሮውን ያስታወሰ ሰው አልተገኘም።

ዋሴ ነፍሰ ገዳዩን አጥቶ፣ ቁጣው ሳይበርድ አንድ ማለዳ ሲመለስ፣ የአንለይ እናት ወይዘሮ ትርንጎ ከወንድሙ ጓሮ ጎንበስ ብለው በቅል ውሃ ሲያፈሱ አገኛቸው።

«አንቺ! ከዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ጦሩን አንሥቶ።

«ሽንኩርት አጠጣለሁ።»

«ልጅሽ የገደለውን ሰው ሽንኩርት?»

«እሱማ አይበላው። ልጆቹ ይብሉት ብዬ ነው።» አሮጊቷ ቀና አላሉም። «መግደልህ ካልቀረ ግደለኝ፤ ግን ያቺ ዳር ያለችው መደብ ገና አልጠጣችም፤ እሷን ልጨርስ።»

አስካለች ድምፅ ሰምታ ወጣች። ጓሮዋን ብታይ ለምልሟል፤ ከአጥሩ ወዲያ የትርንጎን ጓሮ ብታይ ግን ሽንኩርቱ ከሥሩ ቢጫ ሆኗል፣ ቃሪያው ረግፏል። የገዛ ተራቸውን ውሃ ሁሉ ለሷ ሲለቁላት እንደከረሙ ያን ጊዜ ገባት። ሄዳም ከዋሴ ፊት ቆመች።

«ጦርህን አውርድ» አለችው። ቀጥላም ወደ ትርንጎ ዞራ፣ «ልጅዎን ግን አልማርሁትም፤ እርስዎም ይወቁት» አለች።

«ማሪልኝ ልልሽ አልመጣሁም፣ ልጄ።»

አስካለች ቅሉን ከእጃቸው ተቀብላ ዳር ያለችውን መደብ ራሷ አጠጣች ይባላል። ዋሴም ጦሩን ከግንድ አስደግፎ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ሽንኩርቱ ሲደርስ አስካለች ከፊሉን በትርንጎ ደጃፍ አስቀምጣ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲገናኙም ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ እንዲህ ዓይነቱ ነገር በአንድ ክረምት አያልፍም።

ዓመታት አልፈው አንለይ በበረሃ ንዳድ እንደሞተ መርዶ መጣ። ትርንጎ ብቻቸውን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የነፍሰ ገዳይ ለቅሶ ነው ብሎ ብዙ ሰው ቀረ። ሦስት ልጆቿን ያለ አባት ያሳደገችው አስካለች ግን ማለዳ ዶማዋን ይዛ መጥታ፣ ቦዩን ወደ አሮጊቷ ጓሮ መለሰችው። ትርንጎ በበሩ ስንጥቅ አይተዋት፣ ለልጃቸው እስከዚያ ሰዓት ያልወጣላቸው እንባ ያን ጊዜ ወጣላቸው ይላሉ።

መንደሩም ይህን አይቶ ወግ አደረገው። ዛሬም በሸምበቆ ውሃ ለቅሶ በሆነ ማግስት፣ የተኳረፈ ሰው ዶማ ይዞ ወደ ሐዘንተኛው ጓሮ ሲገባ የታየ እንደሆነ፣ ድንኳን ውስጥ ያሉት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣም ማንም ወደዚያ አይመለከትም።