ላዳዋን ያራገፈችው እትዬ ዝማም

ሰባኪ መማል የለበትም ብለውኛል፤ ስለዚህ ሳልምል እንደማልኩ ቁጠሩልኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከኋላ የምትስቁ ትታዩኛላችሁ! ባለፈው የነገርኳችሁን የዓሣውን ነገር አስታውሳችሁ ነው። የዓሣውን እርሱት። ይሄኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ግማሹን ዕቃ ደግሞ በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ።

አንዲት ሴት ነበረች። ታክሲ ነጂ። ሰማያዊና ነጭ አሮጌ ላዳ ነበረቻት።

ሳሪስ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ጫነች። በሽተኛ ጫነች፣ ሙሽራ ጫነች፣ ቁም ሣጥን ጫነች። አንዷ ነፍሰ ጡርማ የኋላ ወንበር ላይ ወልዳ፣ አንድ ሆና ተሳፍራ ሁለት ሆና ወርዳለች። ሂሳብ የተቀበለቻት ግን የአንድ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሴት ነበረች።

ስሟ ዝማም ነው፤ እኛ እትዬ ዝማም እንላት ነበር። እኔ ያኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ማለትም አስወጥተውኝ፣ ታክሲ ተራው ላይ ተራ አስከባሪ ነበርኩ።

አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ጋዜጣ ረስቶባት ወረደ። እትዬ ዝማም ተራዋ እስኪደርስ ጋዜጣውን ገለጠችው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ገና ለመኪና ባልተከፈተ አዲስ አስፋልት ላይ በየዓመቱ ውድድር ሊደረግ ነው። ልጆቹ ድራግ ይሉታል። መታጠፊያ የለው፣ አደባባይ የለው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ መብረር ነው። ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ሽልማቱ ደግሞ ያገለገለ ሚኒባስ ይገዛል።

ጋዜጣውን አጠፈችና «እወዳደራለሁ» አለች።

እኛ ምን አልን? ሳቅን። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው እኮ! ላዳዋም ብትሆን በሰው ዕድሜ ብትቆጠር ጡረታ ከወጣች ቆይታለች።

ሄዳ ጠየቀች። መዝጋቢው ልጅ አንድ በአንድ አነበበላት፦ ሄልሜት፣ የውድድር ቀበቶ፣ እሳት ማጥፊያ፣ መኪናው ቢገለበጥ ጭንቅላት የሚያተርፍ የብረት ቱቦ ከውስጥ፣ አዲስ ጎማ፣ መመዝገቢያ።

«ሌላስ?» አለችው።

«ሌላማ፣ የውድድር መኪና ታክሲ መሆን አይችልም። የታክሲ ታርጋዎን ይመልሳሉ።»

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ገብቷችኋል? ታርጋው እንጀራዋ ነው። ታርጋውን ከመለሰች በሰው ታክሲ ተቀጥራ ልትነዳ ነው። ካሸነፈች የራሷ ሚኒባስ ይኖራታል። ካላሸነፈች ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የሰው መኪና ስትነዳ ልትኖር ነው። እናንተ ብትሆኑ ትመልሱ ነበር? እኔ አልመልስም ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ እኔ ጋዜጣውን ራሱ አልመልስም ነበር።

እሷ ግን መለሰች። ጠዋት ጠዋት የሰው ታክሲ ትነዳለች፣ ከሰዓት በኋላ የራሷ ላዳ ሥር ትተኛለች።

ወገኖቼ፣ መኪና በሁለት መንገድ ይፈጥናል። አንዱ ሞተሩን ማበርታት ነው። ሁለተኛው ሸክሙን ማቅለል ነው። ሞተር ማበርታት ብር ይፈልጋል። ሸክም ማቅለልስ? ሸክም ማቅለል ብር ያመጣል! ይህን ያስተማረኝ ሰባኪ አይደለም፤ እትዬ ዝማም ናት።

የኋላ ወንበሩን ነቅላ ሸጠች፣ ሄልሜት ገዛች። ቴፑን ሸጠች፣ እሳት ማጥፊያ ገዛች። ከጣራው ላይ ዕቃ መጫኛውን ፖርቶ መጋላ አውርዳ ሸጠች፣ የብረት ቱቦ ገዝታ ከውስጥ አስበየደች። ስኮርታዋን፣ መጠባበቂያ ጎማዋን ማለቴ ነው፣ ሸጠች። ምንጣፉን፣ መጋረጃውን፣ ከመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ጌጥ ሳይቀር ሸጣ አዲሱን ጎማና መመዝገቢያውን ከፈለች። በተረፈው ሞተሩን የሚያበረታ ባለ ሁለት አፍ ካርቡራተር አገኘች።

የበሩን ላሜራ በመሰርሰሪያ በስታ በስታ ወንፊት አስመሰለችው፤ ንፋስ ሲመታው ዋሽንት ይነፋ ነበር። የፈታችውን ሁሉ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ እየወሰደች ትመዝናለች። ራሷም ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰች። አንድ ቀን የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል «አንተስ ሸክም አይደለህም» ብላ መልሳ አጠለቀችው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነበር።

አንድ ዓመት ከስምንት ወር! የመጀመሪያው ውድድር አልፏት ለሁለተኛው ደረሰች። ሞተሩን ስታስነሳው በሦስተኛው ቤት መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ ይጨፍራል። ከእንግዲህ የሚስቅ ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ «የኛ ላዳ» ማለት ጀመረ።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። ሰፈሩ ወደዳት።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነው። ጠዋት በሯን ስትከፍት ሰፈሩ ተሰልፎ ቆሟል። እኛ ሰው ስንሸኝ ባዶ እጁን እንሸኛለን? አንሸኝም!

መጀመሪያ የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ቸርነት መጡ። የዕድሩን ድንኳን ከነብረት ቋሚው አሸክመውኛል። «ስታሸንፊ እዚያው ተክለን እንቀመጥበታለን» አሉ። ጫንኩ። ወይዘሮ ደብሪቱ የጎማ ያህል ድፎ ዳቦና ሃያ ሊትር ጠላ አመጡ። ጫንኩ። የላይኞቹ ጎረቤቶች አዋጥተው በግ ገዝተዋል፤ ለድሉ የሚታረድ። በጉንም ጫንኩ።

ከሁሉ ኋላ ጎሚስታው ጋሽ ባንጃው መጡ። ጎማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ምን ይዘው መጡ? ስኮርታውን! እሷ የሸጠችውን ስኮርታ ከገዛው ሰው በራሳቸው ገንዘብ መልሰው ገዝተውታል።

«ያለ ስኮርታ መንገድ አይወጣም፣ ልጄ» አሏት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ሃያ ወር የፈታችውን በሃያ ደቂቃ ጫንንባት። የጫነባት ግን ጠላት አልነበረም። የሚወዳት ሰው ነው። «ተው» ብትል ምን ይባላል? ታበየች ይባላል። ገና ሳታሸንፍ ናቀችን ይባላል። ይሉኝታ፣ ወገኖቼ! ይሉኝታ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የወፍጮ ቤቱ ሚዛን አይነግራችሁም።

በመጨረሻ ወይዘሮ ደብሪቱ «በጉን ማን ይይዘዋል?» ብለው ራሳቸውም ገቡ። ዘና ብለው ድንኳኑ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቻችን በአይሱዙ ተከተልን።

ላዳዋ መነሻው መስመር ላይ ስትደርስ ሆዷ አስፋልት ይልሳል። ከጎኗ አንዲት ቀይ መኪና ቆማለች፤ የምታብረቀርቅ፣ ሰው ፀጉሩን የሚያበጥርባት። ነጂዋ ወጣት ልጅ ነው።

«ማዘር፣ ታክሲ ተራው ወዲያ ነው!» አላት።

ተመልካቹ ሳቀ። በጉም «ባ» አለ። ዳኛው ሰዓቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና በመስኮቱ አጎንብሶ አየ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከጠላው ሊቀዱለት ሲሉ እጁን አነሳ።

«እትዬ፣ ሊወዳደሩ ነው የመጡት ወይስ ቤት ሊቀይሩ?»

«ልወዳደር ነው።»

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ አለዎት።»

አምስት ደቂቃ። ሰጪዎቹ ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ቆመው ያያሉ። አቶ ቸርነት አሉ፣ የላይኞቹ ጎረቤቶች አሉ፣ ጋሽ ባንጃው ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት አሉ። ነገ አብራቸው የምትኖረው ከእነሱ ጋር ነው። ስትታመም የሚጠይቋት፣ ስትሞት የሚቀብሯት እነሱ ናቸው። እናንተ ብትሆኑስ? «ይሁን፣ እንዲሁ እነዳዋለሁ፣ ምን አለ ብሸነፍ፣ ሰው ከማስቀይም» አትሉም ነበር?

እትዬ ዝማም መሪውን ለቀቀች። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ይውረዱ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። በጉም።»

ወረዱ። ከንፈራቸውን ነክሰው ወረዱ። «ነይ እቴ» አሉት በጉን፣ ወንድ መሆኑን ረስተው። ድንኳኑ ወጣ። አቶ ቸርነት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «በስብሰባ ላይ እናነሳዋለን» አሉ። ጠላው ወጣ፣ ድፎው ወጣ። እኔ እያወጣሁ እሷ ትቆጥራለች።

ስኮርታው ቀረ።

ይህን ግን እኔ እንዳወጣው አልፈቀደችም። ራሷ አወጣችው። አቅፋ፣ ልብሷ እየቆሸሸ፣ እስከ ገመዱ ተሸክማው ሄደች።

ጋሽ ባንጃው ጎማውን አዩ፣ እሷን አዩ። «የኔንም?» አሉ።

«የእርስዎንም፣ ጋሼ።»

«ከሰው እጅ ነው የነጠቅኩልሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ጋሼ፣ የሰጡኝን ተሸክሜ የተመኙልኝ ቦታ መድረስ አልችልም።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሻጡ። ጎማውን ተቀበሏት። መሬት ላይ አጋደሙትና ላዩ ላይ ተቀመጡ። «ሂጂ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ።

ሄልሜቷን አጠለቀች። ቀይዋ መኪና ውስጥ ያለው ልጅ «ማዘር፣ ቦታ አለ?» ብሎ ቀለደባት። «ዛሬ ትርፍ አልጭንም» አለችው።

አረንጓዴ በራ!

ላዳዋ ዘለለች። የተበሳው በር ዋሽንቱን ነፋ። መቶ ሜትር ላይ ቀይዋ ቀደመች። ሁለት መቶ ላይ እኩል ሆኑ። ሦስት መቶ ላይ አቶ ቸርነት ስብሰባውን ረስተው ገመዱን ዘለሉ። አራት መቶ ላይ ላዳ! የኛ ላዳ! አጨብጭቡ እንጂ! እንዲህ ነው! ሃሌ ሉያ!

በሉ እጃችሁን አውርዱ፣ አሁን ወደ እናንተ ልመጣ ነው።

ሁልጊዜ ኃጢአታችሁን ጣሉ እንላችኋለን። ትክክል ነው፣ ጣሉት። ግን ክፉውን መጣል እኮ ቀላሉ ነው፤ ክፉ ነው ብለን ተስማምተናል። ከባዱ የቱ ነው? በፍቅር የተጫነባችሁ ነው። የሚወዳችሁ ሰው ስሞ ያሸከማችሁ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ ሰባት ኮሚቴ ውስጥ አለህ። ለምን? ሰባት ጊዜ እምቢ ማለት አፍረህ። ልጅህ ግን በሳምንት ስንቴ ነው ነቅቶ የሚያይህ? አንቺ እህቴ፣ ዘመድ እንዳይከፋው የደገሽው ሠርግ ትዳርሽን ገና ሳይነሳ አጎበጠው። አጎታችሁ «ሐኪም ሁን» ስላሉ ብቻ ደም ሲያይ የሚወድቀውን ልጅ መርፌ ያስያዛችሁስ? ያ ስጦታ ነበር። አዎ፣ ስጦታ ነበር! ግን አስፋልት እየላሰ ነው።

ወዴት ነው የተጠራችሁት? ያን ጠይቁ። ከዚያ በሩን ክፈቱ። አትሳደቡ፣ አትወርውሩ። እንደ እትዬ ዝማም አቅፋችሁ፣ ልብሳችሁ ቆሽሾ፣ ለሰጪው በእጁ መልሱለት። አምስት ደቂቃ ነው ያለን፣ ወገኖቼ። ዳኛው ሰዓቱን ይዟል።

አሁን እንነሳና እንጸልይ። ቆይ፣ ቆይ፣ ተቀመጡ። እንዲህ ሆኜ መጸለይ አልችልም።

ታሪኩ እውነት ነው ብያችኋለሁ፣ እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ እኔ ጨምሬበታለሁ። በጉ አይደለም፤ በጉ ነበረ፣ ቆዳው አቶ ቸርነት ቤት ተነጥፏል፣ ሂዱና እዩ።

የጨመርኩት ማሸነፏን ነው። እትዬ ዝማም አላሸነፈችም። ቀይዋ መኪና በአንድ ኮፈን ርዝመት ቀደመቻት።

ምነው ዝም አላችሁ? አሁን ስታጨበጭቡ አልነበረም? ለምኑ ነበር ያጨበጨባችሁት? ለማራገፏ ወይስ ለማሸነፏ? እዩት፣ ለዚህ ነው የዋሸሁት። ተሸነፈች ብዬ ብጀምር ማን ይሰማኝ ነበር? ደግሞ እኔ አራግፉ አልኳችሁ እንጂ ታሸንፋላችሁ አልኳችሁ?

በሳምንቱ ጋሽ ባንጃው ጎሚስታ ቤት በር ላይ አገኘኋት። እጇ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ሽማግሌው ከጎናቸው ቦታ ሰጥተዋት ሞተር ትጠግናለች፤ ለሚቀጥለው ዓመት መመዝገቢያ እያጠራቀመች።

«እትዬ፣ እውነት ንገሪኝ» አልኳት። «ታርጋውም ሄደ፣ ሚኒባሱም ቀረ። አይቆጭሽም?»

እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ወደሚሄድበት ስሄድ ኖርኩ» አለችኝ። «ያን ዕለት ለአሥራ ስድስት ሰከንድ እኔ ወደምሄድበት ሄድኩ።»