ብርቱካኑ ያልተንከባለለበት መንገድ

ሰው አባባል ሲናገር ማን እንደጀመረው አይጠይቅም። በእኛ በአርሲ የስንዴ አገር፣ አንድ ሰው ቤቱን ሳያሰናዳ ትልቅ ሰው ከጋበዘ፣ ወይም የቆየ ጣጣውን ሳይጨርስ አዲስ ነገር ከጀመረ፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ውኃና ስለ እንግዳ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። የሰማው ይስቃል። ቃሏ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ጋሽ ወልደየስ የተቀበሩ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ይህችው ቃል ተነሥታ፣ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ሳቁን ሲያፍን፣ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሳቁ፣ ግድ የለም ሳቁ። በዚህ ነገር ከሁላችሁም በላይ የሚስቀው እሱ ራሱ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገሩም እንዲህ ነበር።

ጋሽ ወልደየስ በጉብዝናቸው ዘመን የአውድማ ሰው ነበሩ። እርሳቸው ደልድለው በእበት የለቀለቁት አውድማ ላይ አንዲት የስንዴ ፍሬ መሬት ውስጥ ገብታ አትቀርም ይባል ነበር። ከሩቅ መንደር ሳይቀር ሰው ይልክባቸዋል። ጫማቸውን አውልቀው ቦታውን በቀስታ ይዞሩትና ድንገት ቆም ብለው፣ «እዚህ ጋ ትጎረብጣለች» ይላሉ፤ ማንም በዓይኑ ያላያትን ጉብታ እግራቸው ያገኛታል። ኋላ ኮምባይነር መጣ። እሱ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ በጆንያ ይሞላል፤ አውድማ የሚፈልግ ሰው ጠፋ። ጋሽ ወልደየስም ዘመኑን ተከትለው ትራክተር ገዙ። ያቺ የእግራቸው ጥበብ ግን ሥራ ፈታች። ሥራ የፈታ ጥበብ ደግሞ እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው፤ የማይገባበት የለም።

በዚያው ዓመት ልጃቸው ስንዱ ታጨች። ሰርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተቆረጠ። ሙሽራው ኅሩይ የከተማ ልጅ ነው፤ አባትና እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት አያቱ እማማ በለጡ ናቸው። እማማ በለጡ ደግሞ በአንድ ነገር የታወቁ ናቸው፤ የሰውን ቤት ጉድለት ውጭ ወጥተው አያሙም፤ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይናገራሉ።

«ሙሽራዋን እኔ ራሴ ሄጄ ነው የማመጣት» ብለዋል ተብሎ ሲሰማ፣ ጋሽ ወልደየስ ወጥተው መንገዳቸውን አዩት።

ከአስፋልቱ እስከ ግቢያቸው በር የሚደርሰው መንገድ ገረጋንቲ የፈሰሰበት ኮረኮንች ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጉድጓዱ ይበዛል፤ በጋ በመጣ ቁጥር ወለሉ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ይሸበሸባል። መኪና ሲያልፍበት በሩ፣ መስታወቱ፣ የተሳፋሪው ጥርስ ሳይቀር ይንቀጫቀጫል።

«እኚያ ሴትዮ በዚህ መንገድ መጥተው አጥንታቸው ተናግቶ ከእኔ ቤት ገብተው ሊቀመጡ!» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «እንደ ትሪ ካላደረግሁት ወልደየስ አትበሉኝ።»

የሚስታቸውን ታናሽ ወንድም አጥናፉን አስከትለው ከተማ ወረዱ፤ የትራክተር ዕቃ ወደሚነግደው ወዳጃቸው ወደ ገመቹ ግቢ። አጥናፉ ትራክተሩን የሚነዳላቸው እሱ ነው፤ ቀልድ ካላገኘ ግን መሪ አይጨብጥም።

ገመቹ ከትራክተር ኋላ የሚታሰሩ ሁለት የመንገድ መጠገኛ ዕቃዎች አሳያቸው። አንደኛው ወለል የሌለው የብረት ሳጥን ነው፤ ከፊቱ ጥርስ አለው። ጉብታውን በጥርሱ ይቧጥጣል፣ የቧጠጠውን አፈር ሆዱ ውስጥ ይዞ ይሄድና ጉድጓድ ሲያገኝ ይሞላበታል። ሁለተኛው አንድ ረጅም ምላጭ ብቻ ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሰያፍ ይዞራል።

«ለእርሻ ነው ለመንገድ?» አለ ገመቹ።

«ለመንገድ።»

«እንግዲያው ምላጩን ይውሰዱ። ሰያፍ አድርገው ሲጎትቱት አፈሩን ከዳር ወደ መሀል ይሰበስብልዎታል። መንገዱ ጀርባ ያወጣል።»

«ጀርባ ለመንገድ ምን ያደርግለታል?»

«ውኃው ግራና ቀኝ ይወርድለታላ።»

ጋሽ ወልደየስ ወደ አጥናፉ ዞሩ። «ትሰማለህ? ለልጄ ሰርግ ጎባጣ መንገድ ሊሸጥልኝ ነው!»

«ጎባጣ አላልኩም፣ ትንሽ ከፍ ያለ...»

«አንተ ገመቹ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ጉብታ ሳጠፋ የኖርኩ ሰው ነኝ! አሁን በስተርጅና ጉብታ ልሥራ? ሳጥኑን ነው የምፈልገው።»

«ሳጥኑም ደህና ነው» አለ ገመቹ፤ ሻጭ ነውና ገዢን ሁለት ጊዜ አይመክርም። «ያቺን ባለ ዲስክ ማረሻዎን ይስጡኝና ሳጥኑ የእርስዎ ይሁን።»

«ጋሼ፣ ማረሻውን?» አለ አጥናፉ ደንግጦ። «ዘንድሮ በምን ልናርስ ነው?»

«ዘንድሮ የምንድር እንጂ የምናርስ መሰለህ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ተጨባበጡ። ልውውጡም አለቀ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አጥናፉ ትራክተሩን ይነዳል፤ ጋሽ ወልደየስ ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ይከተላሉ። «ተመለስ! እዚህ ጋ ትጎረብጣለች!» ይላሉ። ይመለሳል። ሳጥኑ ጉብታውን ሁሉ ላጨው፤ ጉድጓዱን ሁሉ ሞላው። መንገዱ ሰፋ እንዲል ብለውም በግራና በቀኝ ያለውን አሮጌ ቦይ ደፈኑት። በመጨረሻ ከኪሳቸው ብርቱካን አወጡና መሀል መንገዱ ላይ አስቀመጡት። ብርቱካኑ ባለበት ቀረ። ትንሽ ወደ ፊት ሄደው አስቀመጡት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲያ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ እያስቆሙ ብርቱካኑን ሳያሳዩ አያሳልፉም ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ሊያዩ ወጡ። ግራና ቀኝ ቃኙና፣ «ቦዩ የታለ?» አሉ።

«ደፈንኩት።»

«ታዲያ ውኃው በየት ይሄዳል?»

«የምን ውኃ? ለሰርጉ ውኃ ጠርተሻል እንዴ? እኔ አልጠራሁም።»

«የበልግ ዝናብ መቼ ጥሪ ጠብቆ ያውቃል?» አሉና ወደ ድግሳቸው ተመለሱ።

የሰርጉ ዋዜማ ጥሪ ያልተላከለት ዝናብ መጣ። ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት አባራ።

ጋሽ ወልደየስ በአዲስ ካፖርታቸው ወጥተው መንገዱን ሲያዩ ሰማይ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ደመናው፣ ባሕር ዛፉ፣ የሚበረው ወፍ ሁሉ መንገዱ ላይ ይታያል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማቸው ድንጋጤ አልነበረም። ውኃው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ልክ ነው፤ የትም አልጠለቀም፣ የትም አልጎደለም። ሚስታቸውን ጠርተው «አየሽ ድልደላ!» ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው።

ወዲያው የሰርገኛው መኪና ጥሩምባ ከአስፋልቱ በኩል ተሰማ። በአበባ ያጌጠው የፊተኛው መኪና ወደ መንገዱ ታጠፈ፤ ጥቂት ሄደ፤ ከዚያ ውኃ የጠጣው ገረጋንቲ እንደ ገንፎ ላላና መኪናው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ጥሩምባው ዝም አለ። ነጭ የለበሱት ሚዜዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ወርደው ገፉ፤ ጎማው ተሽከረከረና ሁሉንም በጭቃ ለቀለቃቸው። ከተጋባዦቹ መካከል ገመቹም ነበር፤ አንድ እግር ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሩ ይነጥራል።

በሩ ላይ ደግሞ የሙሽራዋ ጓደኞች ሚዜዎቹን ለመከልከል እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። የሚከለክሉት ሰው ግን አልደረሰላቸውም።

«ጋሽ ወልደየስ!» አለች አንዷ፣ «ሰርገኛ መከልከል የእኛ ሥራ ነበር እኮ፤ መንገድዎ ቀማን!»

እማማ በለጡ የኋለኛውን መኪና በር ከፍተው ጭቃውን አዩ፤ አዲሱን ጫማቸውን አዩ፤ በሩን መልሰው ዘጉ። በመስኮት ብቻ፣ «ልጆቼ፣ ባሕር የምንሻገር መሆናችንን ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አሉ።

መላው የተገኘው ከአጥናፉ ነው። ሳጥኑን ከትራክተሩ ኋላ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከላዩ ሳንቃ ረበረበ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ወንበር አሰረበት። እማማ በለጡን ሚዜዎቹ ተሸክመው አስቀመጧቸው። ጥላቸውን ዘርግተው፣ በሁለተኛው እጃቸው የሳጥኑን ብረት ጨብጠው፣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብለው በጭቃው ላይ አለፉ። እልልታው ቀለጠ። ሙሽራውም በዚያው ገባ፤ ስንዱም ቬሏን ሰብስባ እየሳቀች በዚያው ወጣች። የሰርጉ ሰው እስከ ዛሬ እንደዚያ ዓይነት ሰርግ አላየሁም ይላል።

ያልሳቁት ጋሽ ወልደየስ ብቻ ነበሩ። እማማ በለጡ ከሳጥኑ እንደ ወረዱ አስጠርተዋቸው ነበርና።

«ወልደየስ ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«ልጅህ ደግ ልጅ ናት፤ ወድጃታለሁ፤ እወስዳታለሁ። ድግስህም ያማረ ነው። ለመልሱ ግን እኔን አትጠብቀኝ። እንደ ድንች በሳጥን መጫን አንድ ቀን ይበቃል።»

ስንዱ ከመሄዷ በፊት አባቷን አቅፋ በጆሯቸው፣ «አባዬ፣ እሷ የሌለችበት መልስ ለኅሩይ መልስ አይደለም፤ እናቱም አባቱም እሷው ናት» አለቻቸው። ጋሽ ወልደየስ ያን ዕለት የራሳቸውን ሙክት ሳይቀምሱ ዋሉ።

በማግስቱ ገመቹ ግቢ ደረሱ። ገመቹ በአዲስ ጫማ ነው የተቀበላቸው።

«ምላጩን ስጠኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ሳጥኑን አምጥቼልሃለሁ።»

«ጫማዬንስ?»

«እሱንም ጭቃው ሲደርቅ ቆፍሬ አመጣልሃለሁ።»

ገመቹ ሳቀ። ምላጩን ሰጣቸው፤ ማረሻውንም መለሰላቸው። «የሰው ሰርግ ላይ እንደዚያ ከሳቅሁ በኋላ ማረሻውን ባስቀር ነውር ነው» አለ።

ከሁሉ የከበደው ሥራው ነበር። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ የተደፈነውን ቦይ በአካፋ ከፈተ። አጥናፉ ምላጩን ሰያፍ አድርጎ አፈሩን ከግራ ወደ መሀል፣ ከቀኝ ወደ መሀል ሰበሰበ። የጋሽ ወልደየስ እግር ግን አመፀ። ከትራክተሩ ኋላ ሲሄዱ መሀሉ ከፍ ማለቱ በተሰማቸው ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል፤ በተረከዛቸው መርገጥና ማስተካከል ይጀምራሉ።

«እግርህን አንሣ!» ይላሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከቦዩ ዳር። ብርቱካኑ አሁን በእርሳቸው እጅ ነው። መሀል መንገዱ ላይ ያስቀምጡትና ይመለከታሉ። «አልተንከባለለም። ጨምር አጥናፉ!»

«ጥሩዬ፣ ጎበጠ እኮ!»

«ይጉበጥ! አንተ ብቻ ጫማህን አድርግ።»

ጫማቸውን አደረጉ። ያኔ ነው ሥራው ወደ ፊት የሄደው።

ወደ እማማ በለጡም በስንዱ በኩል መልእክት ላኩ፤ «ለመልሱ ይምጡልኝ። ጫማዎ ጭቃ ከነካው፣ እኔን በሳጥኑ ውስጥ ጭነው በከተማው መሀል ያስጎትቱኝ» የሚል። እማማ በለጡ መልእክቱን ሰምተው፣ «ይህንስ ማየት አለብኝ» አሉ።

የመልሱ ቀን ጠዋት ደግሞ ዘነበ። ጋሽ ወልደየስ በሩ ላይ ቆመው ሰማዩን አላዩም፤ መንገዱን ብቻ አዩ። ውኃው ከመሀሉ ጀርባ ግራና ቀኝ እየተከፈለ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ በቦዩም ኩልል እያለ ወደ ማሳው ይሄዳል። መንገዱ ላይ ሰማይ አይታይም፤ የሚታየው ገረጋንቲ ብቻ ነው።

መኪናዎቹ ከአስፋልቱ ሲታጠፉ የፊተኛው ቆመ። እማማ በለጡ ወረዱ። ያንኑ የሰርጉን ጫማ አድርገዋል። ስንዱ ክንዳቸውን ልትይዝ ብትል፣ «ተይኝ» ብለው በከዘራቸው እየተመረኮዙ በመንገዱ ጀርባ ላይ ብቻቸውን መጡ። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ጫማቸው ላይ ተከለ። አጥናፉ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ሳጥኑን ልዋሰው እንዴ?» ብሎ ሹክ አላቸው።

እማማ በለጡ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ በስንዱ ትከሻ ተደግፈው አንድ እግራቸውን አነሡና ጫማውን ለሰርገኛው ሁሉ አሳዩ። አንዲት ጠጠር ተጣብቃበታለች፤ ጭቃ የለበትም። እልልታው ገና ሳያልቅ ጋሽ ወልደየስ ብርቱካናቸውን አውጥተው መሀል መንገዱ ላይ አስቀመጡት። ብርቱካኑ እየተንከባለለ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ውኃውም ይዞት ሄደ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ» አሉ ጋሽ ወልደየስ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ትንሽ ጎበጠብኝ።»

አሮጊቷ ብርቱካኑን እስኪሰወር በዓይናቸው ተከተሉት፤ ከዚያም ጋሽ ወልደየስን አንገታቸውን አቅፈው ግራና ቀኝ ሳሟቸውና ወደ ሰርገኛው ዞረው፣ «ከእንግዲህ ልጅ የምትድሩ ሁሉ ስሙኝ፤ ውኃውን ያልሸኘ እንግዳውን አይቀበልም!» አሉ።