አስታማሚዋን የተሸከመ ቃሬዛ

በዝግባ አፋፍ መንደር፣ ሕመምተኛው አልጋ ከያዘ ዓመት የሞላው ቤት ሁሉ በጳጉሜን ሩፋኤል ቃሬዛ ይመጣለታል። ቃሬዛው ላይ የሚወጣው ግን ታማሚው አይደለም፤ አስታማሚው ነው። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ይስቃል። ይሳቅ፤ ያላስታመመ ይስቃል!

እንደሚነገረው፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ባሏ ቢያድግልኝ ሽባ ሆኖ አልጋ ከያዘ ዘጠኝ ዓመት አልፏት ነበር። ስታገላብጠው፣ ስታጥበው፣ ስታጎርሰው ወገቧ ተቆረጠ። ጠያቂስ አላጣችም፤ ሰዉ እየመጣ «እንዴት አደረ?» ይላል፣ እሷን «አይዞሽ፣ ጽድቅ ነው» ይላታል፣ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ጽድቁን ለእሷ፣ ጠላውን ለራሱ! አንድ ጧት ታዲያ ስታጎርሰው ቢዘገይባት «ምነው በሞተልኝ» የሚል ሐሳብ መጣባትና ክው አለች። የምትወደውን ባሏን ልትጠላው እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀች።

በዚያው ሳምንት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ አራት ጎረምሶች እንደ ልማዱ ቢያድግልኝን ጠበል ሊያወርዱት ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ስንሻውም ከፊት ነበሩ። አትጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ቃሬዛው ላይ ጋደም አለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ተነሺ እንጂ!» አሏት አያ ስንሻው።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ሆንሽ ያለኝ የለም። ዛሬ እኔን ተሸከሙኝ። እናቴ ቤት ሰባት ቀን ልተኛ።»

«ባልሽንስ ለማን ትተሽ?»

«ለእናንተ! ለጠላው ሲሆን ቤቱ መች ይጠፋችኋል?»

«በዘመን መለወጫ ባሏን ጥላ ሄደች ቢሉሽስ?»

«ይበሉኝ! እዚህ ከቀረሁ ግን እጠላዋለሁ፤ ያን ጊዜ ምን ልትሉኝ ነው?»

ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ሳያነሱ አያ ስንሻውን አዩ ይባላል። ይህን ጊዜ ቢያድግልኝ ከመደቡ ላይ ሆኖ «ምን ትገተራላችሁ? አንሷት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አትጠገብ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች፤ ጎረምሶቹም ተሸክመዋት ወጡ።

ቤቱን ደፍሮ የሚይዝ ቢጠፋ አያ ስንሻው ራሳቸው ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ወገባቸውን ይዘው ደጅ ወጡና «ለካ እንዲህ ነው!» አሉ። በስምንተኛው ቀን አትጠገብ በእግሯ ተመለሰች። ቢያድግልኝ ገና ሲያያት «ምነው ቸኮልሽ? አያ ስንሻው ማጉረስ የለመዱት ገና ትናንት ነው» ቢላት፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ ይባላል።

ዛሬም በዝግባ አፋፍ ቃሬዛው ሲያልፍ «ጥላ ሄደች» ብሎ የሚያጉረመርም አይጠፋም። አገሬው አይቆጣውም፣ አይሰድበውም። እጁን ይዞ ሕመምተኛው ዘንድ ያስገባውና ለሰባት ቀን አስታማሚ ያደርገዋል።